በግራ በኩል ያለችው ሾፌር

ልብስ ሰፊዋ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሦስት ጊዜ ወድቃለች። ይህን ዘመድ አዝማዱም ጎረቤቱም ያውቃል፤ ሦስቱንም ጊዜ «ዛሬስ እንደማልፍ ልቤ ነግሮኛል» ብላ በየደጁ አውርታ ነበርና የሄደችው። ባሏ «በመርፌ ቀዳዳ ክር የምታሳልፊ ሴት፣ መኪና በሰፊ መንገድ ማሳለፍ እንዴት ያቅትሻል?» እያለ ይቀልድባታል። እሷ አትቀየምም። ሥራዋ ለሆቴልና ለቢሮ መጋረጃ መስፋት ነው። ቁመቷን የሚያህል ጥቅል ጨርቅ ታቅፋ በታክሲ በር ስትጋፋ፣ «ይሄ ዕቃ አይገባም» ከሚላት ሁሉ ጋር ስትጨቃጨቅ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ ተጠጋ። መጋረጃዋን ኋላ ጭና፣ መስኮቷን ከፍታ፣ ማንንም ሳትለማመጥ ከተማውን የምታቋርጥበትን ቀን እያለመች ነው ለአራተኛው ፈተና የተመዘገበችው።

አስተማሪዋ ስድሳን የተሻገሩ፣ ሸንቃጣ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። ተማሪ ሁሉ ከአፋቸው መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ፍሬን» ስለሆነ ጋሽ ፍሬን የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። የማስተማሪያዋ መኪና በሳቸው በኩልም አንድ ተጨማሪ ፍሬን አላት። ተማሪ ሲዘናጋ በቀኝ እግራቸው ይረግጡታል፤ ሲረግጡትም ግንባር ከመስታወት ሊላተም ምንም አይቀረውም። ሲቆጡ ይጮኻሉ፣ ሲደሰቱ ዝም ይላሉ።

ያን ቀን ከፈተናው በፊት የመጨረሻው ልምምድ ነበር። ትልቁ አደባባይ ውስጥ ሞተሩ ጠፋባት። ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ክላክሱን ያስጮኸው ጀመር።

«ሴትዮ፣ አደባባይ የእንግዳ ማረፊያ አይደለም» አሉ ጋሽ ፍሬን። «ይገቡበታል፣ ይወጡበታል፣ አለቀ። ፍሪሲዮን ርገጪ፣ አስነሺ፣ ነዳጅ ስጪ። ቁርስ እስኪመጣልሽ ነው የምትጠብቂው?»

ሳቋ መጣ። አስነስታ ወጣች። ሬዲዮው የቀትሩን ዜና ሲጀምር ጋሽ ፍሬን እጃቸውን ዘርግተው ድምፁን ቀነሱትና «እዚህ መኪና ውስጥ ከኔ ሌላ የሚያወራ አልፈልግም» አሉ።

የቤት ዕቃ መሸጫዎች ወደተደረደሩበት ጎዳና ሲደርሱ «ወደ ቀኝ» አሉ። ታጠፈች። ጥቂት ሄደው «ወደ ቀኝ» አሉ። ታጠፈች። ደግሞ ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ወደ ቀኝ። በመጨረሻ ቅድም ያለፉት የሶፋ ሱቅ፣ በሩ ላይ በሚሸጠው ሶፋ ተጋድሞ የሚያንቀላፋው ባለሱቅ ሳይቀር፣ ተመልሶ ከፊታቸው መጣ።

«ጋሽዬ፣ ዛሬ ግራ የሚባል ነገር የለም እንዴ?»

«ቀስ በይ፣ ቀስ» ይላሉ፤ ግን ፊታቸውን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኙ መስኮት አዙረው መስታወቱን ነው የሚያስተምሩት። ምላሳቸው የከበዳቸው ይመስል ቃሉ ይንከባለልባቸዋል። ማርሽ ልትቀይር እጇን ስትሰድ የሰው እጅ አገኘች። የጋሽ ፍሬን ግራ እጅ ማርሹ ላይ እንደ ባዶ ጓንት ወድቋል።

«እጅዎን ያንሱልኝ፣ ማርሽ ልቀይር።»

«የምን እጅ?»

«የርስዎን ነዋ። ማርሹ ላይ ያለውን።»

«እሱ የኔ አይደለም» አሉ፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ። «የራስሽን እጅ ሰብስቢ።»

ቀልድ አልነበረበትም። ልብስ ሰፊዋ ከሶፋው ሱቅ ፊት ዳር ይዛ አቆመች፤ ፍሬቻ አብርታ፣ ስፖኪዮ አይታ፣ የተማረችውን አንድም ሳትዘነጋ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ፊታቸውን አየችው። የአፋቸው ግራ ጥግ ተንጠልጥሏል፤ ቀጭን ምራቅ በአገጫቸው ወርዶ የተቆለፈውን ኮሌታ አርሶታል።

ታናሽ እህቷ በትልቁ ሆስፒታል ነርስ ናት። ቤተሰቡ ለምሳ በተሰበሰበ ቁጥር የሥራዋን ወሬ ይዛ ስለምትቀርብ «ያለ በሽተኛ እህል አይወርድላትም» ይሏታል። ከወሬዎቿ ሁሉ አንዱን ደግማ ደጋግማ ሰውን አሰልችታዋለች። «ፊቱ ከተጣመመ፣ እጁ ከወደቀ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ ስትሮክ ነው በሉ። ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር የረጋ ደም ወትፎታል ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የአንጎል ክፍል ደም አጥቶ እየሞተ ነው። ቢተኛ ይሻለዋል አትበሉ። ውኃ አታጠጡት፣ ትን ይለዋል። ክኒን አትስጡት። ሰፈር ክሊኒክም አትውሰዱት፣ ጭንቅላት የሚያነሳ ማሽን የላቸውም፤ ቶሎ ማሽኑ ያለበት አምጡልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ያኔ ሰላጣ እየጎረሰች «እሺ እሺ» ብላ ነበር።

ስልኳን አወጣች። የእህቷ ስልክ ጠራ ጠራና ቆመ፤ ሥራ ላይ ስትሆን ቁም ሳጥን ውስጥ እንደምትቆልፈው ያኔ ትዝ አላት። ወደ አምቡላንስ ደወለች። የመለሰላት ሰው ጨዋ ነበር፤ ቅርብ ያለው አምቡላንስ በከተማው ሌላ ጫፍ እንደሆነ፣ እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚደርስ ግን ሊምልላት እንደማይችል ነገራት። ባለሱቁ ከሶፋው ተነስቶ በመስኮት አንገቱን አስገባ።

«ደክሟቸው ነው፤ ውኃ በስኳር ላምጣ?»

«እንዳታመጣ» አለች። «አንተ መንዳት ትችላለህ?»

«እኔ? ብስክሌትም አልችል።»

ወደ ፊት አየች። ትልቁ ሆስፒታል ከወንዙ ማዶ ነው። ድልድዩን መሻገር፣ ሁለት ትልልቅ መስቀለኛ መንገድ ማለፍ፣ ከጭነት መኪና ጋር መጋፋት አለ። ሦስቱም ጊዜ የወደቀችው እንደዚያ ባለ ቦታ ልቧ ከድቷት ነው። አሁን ግን፣ ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም፣ አላመነታችም። የወደቀውን እጅ ከማርሹ ላይ አንስታ በጭናቸው ላይ አስቀመጠችው፤ ከበዳት። ሞተሩን አስነሳች።

«ሆስፒታል እንሄዳለን፣ ጋሽዬ።»

«ማን ታሞ?» አሉ ለመስታወቱ።

ሱቁን እንኳ አላለፉም፣ መኪናዋ ጎተት ብላ ቆመች። አሁንም አስነሳች፤ አሁንም ቆመች። ጋሽ ፍሬን በደህናው ቀኝ እግራቸው ፍሬኑን አጥብቀው ረግጠውታል።

«እግርዎን ያንሱ፣ እለምንዎታለሁ።»

«ወዴት ነው? ማን ነው የሚነዳው?»

«እኔ ነኝ። ይልቀቁልኝ።»

እግሩ ንቅንቅ አላለም። ብትጎትተው እንደ ግንድ ነው። ልመናም ቁጣም እንደማይሠራ ስታውቅ ዘዴ ፈለገች። ወንበራቸው ሥር ያለውን ብረት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ በመጀመሪያው ቀን ያሳዩዋት። ዘንበል ብላ እጇን ከእግራቸው መሃል ሰደደች፣ ብረቱን ወደ ላይ ሳበች፣ ወንበሩን በትከሻዋ ገፋችው። ወንበሩ ከነጋሽ ፍሬን ተንሸራቶ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሄደ። እግራቸው ተወርውሮ ፍሬኑን ፈለገው፤ አልደረሰበትም። ቀበቷቸውን አጠበቀችላቸውና ነዳጅ ሰጠች።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ሕልም ነው፤ የነቃ ሰው ሕልም። መጀመሪያ ማርሽ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ሦስተኛ ማርሽ በከተማ ውስጥ አስገብታ አታውቅም። የአደጋ መብራቱን አበራች፣ ክላክሱ ላይ መዳፏን ጣለች። አንድ ጭነት መኪና አልፈቅድም ሲላት «ዞር በል፣ ሰው ይዣለሁ» ብላ በመስኮት ጮኸችበት፤ ያ ተራራ የሚያክል መኪና ዳር ያዘ። በውስጧ ፍርሃትና ደስታ ተቀላቅለው እጇ ላይ አንድ ዓይነት ስሜት ሆኑ። ሰው ከጎኗ እየታመመ ደስ ማለቱ ደግሞ አሳፈራት። ቢያሳፍራትም አልቀነሰችም።

ድልድዩ አፍ ላይ መብራቱ ቀይ ነበር። ግራ ቀኝ አየችና ገባችበት።

ፊሽካ ተነፋ። ትራፊክ ፖሊሱ ከፊቷ ድንቅር አለ። ቆመች። በሷ መስኮት ጎንበስ አለ።

«መንጃ ፈቃድ።»

«የለኝም።»

«የለኝም ማለት?»

«ሦስት ጊዜ ወድቄያለሁ።»

ፖሊሱ ከጣሪያው ላይ «ተማሪ» የሚለውን ሰሌዳ አየ፣ ከዚያ ጋሽ ፍሬንን አየ። «አስተማሪ ነዎት? በቀይ ስትገባ እንዴት ዝም ይላሉ?»

ጋሽ ፍሬን ወደ ቀኝ መስኮት ዞረው «ማነው የሚያናግረኝ?» አሉ።

«እዚህ ነኝ፣ አባት።»

«የት?»

የፖሊሱ ፊት ጠቆረ። «ጠጥተዋል።»

«አልጠጡም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ስትሮክ ነው። ካላመንከኝ ሁለት እጅዎን ያንሱ በላቸው። አሁን በላቸው።»

ፖሊሱ ተጠራጥሮ አያት፤ ሆኖም «አባት፣ ሁለቱንም እጅዎን ወደ ላይ» አለ።

ጋሽ ፍሬን ቀኝ እጃቸውን ቀጥ አድርገው አነሱ። ግራው ጭናቸው ላይ እንደተኛ ቀረ።

«ሁለቱንም» አለ ፖሊሱ።

«አነሳሁ እኮ» አሉ በቁጣ። «ሁለቱንም አነሳሁ። ሌላ ከየት ላምጣልህ?»

ፖሊሱ የኋላውን በር ከፍቶ ገባና ዘጋው። «ሞተር ሳይክሌን ጓደኛዬ ወስዶታል» አለ። «ንጂ። ቀዩን ለኔ ተዪው።» መስኮቱን አውርዶ ግማሽ አካሉን አወጣና ፊሽካውን መንፋት ጀመረ። ድልድዩን በሙሉ፣ ሁለቱን መስቀለኛ መንገዶች በሙሉ፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ ነፋው። መንገዱ እንደ ዚፕ ተከፈተላቸው። ጋሽ ፍሬን በመሃል «ይሄ ፊሽካ ምንድነው?» ይላሉ፤ ደግሞ ውኃ ስጡኝ ይላሉ። «እዚያ ስንደርስ» ትላቸዋለች፤ ውኃው ግን በሩ ኪስ ውስጥ ነበር።

ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ግማሽ ጎማዋ መንገድ ላይ ግማሹ አበባ ላይ ሆኖ ቆመች። ዘበኛው ሊቆጣ መጥቶ ከኋላ መለዮ ለባሽ ሲወርድ አይቶ አልጋ ሊያስመጣ ሮጠ። አልጋውን እየገፋች የመጣችው ነርስ ታናሽ እህቷ ነበረች።

«እትዬ? አንቺ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

«ፊቱ ተጣሟል፣ እጁ ወድቋል፣ ንግግሩ ተኮላትፏል» አለች ልብስ ሰፊዋ በአንድ ትንፋሽ፤ አክብሮቱ ሁሉ ጠፍቶባት።

እህቷ አልጋውን ወደ መኪናዋ አስጠጋች። «ማን ነድቶ አመጣቸው?»

«እኔ።»

«አንቺ?»

«ነገሩን ለበኋላ አድርጊው» አለ ፖሊሱ፣ በሩ ላይ ተደግፎ እየተነፈሰ። «በሕይወት ነው ያመጣችን።»

ዶክተሯ ወጣት፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ናት። ጋሽ ፍሬን ወደ ማሽኑ ክፍል እየተገፉ ሳለ ከልብስ ሰፊዋ ጎን እየተራመደች ጠየቀቻት። «ደህና ሆነው ለመጨረሻ ጊዜ ያየሻቸው መቼ ነው? እርግጠኛ የሆንሽበትን ብቻ ንገሪኝ፤ የምንሰጠው መድኃኒት በዚያ ላይ ነው የሚወሰነው።»

«የቀትሩ ዜና ሲጀምር። አደባባይ ላይ ሰድበውኝ ነበር፣ ደህና አድርገው። ከዚያ ሬዲዮውን ቀነሱት። በግራ እጃቸው» አለችና እንደገና በዓይነ ሕሊናዋ አየችው፤ ሬዲዮው በመሃላቸው ነው፣ የተዘረጋው የቅርቡ እጅ ነው። «አዎ። በግራቸው።»

«በጣም ጥሩ» አለች ዶክተሯ፤ ፊቷ በራ። «ጊዜ አለን።»

ከመስታወቱ ውጪ ቆማ ስትጠብቅ እህቷ አስረዳቻት። መጀመሪያ በማሽኑ የሚታየው ደም ፈስሶ እንደሆነ ነው። ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሥሩ ተዘግቶ፣ ሌላው ሥሩ ፈንድቶ። ለተዘጋው የሚሰጠው መድኃኒት የረጋውን ደም ያሟሟል፤ ለፈነዳው ከሰጡት ግን ይገድላል። «ከውጭ ሲያዩት ሁለቱም አንድ ነው የሚመስሉት። ለዚህ ነው ያለ ማሽን ማንም የማይደፍረው።»

«ሰውዬው ግን አልታመምኩም ነው የሚሉት። እጄ አይደለም አሉኝ እኮ።»

«አልዋሹሽም። የቀኙ አንጎል ነው የግራውን ጎን የሚያዘው። ያ ክፍል ደም ሲያጣ አንዳንዱ ሰው ግራ የሚባል ነገር ከነመኖሩ ይጠፋበታል። እጁም፣ ግድግዳውም፣ በግራው የቆመ ሰውም።»

ዶክተሯ ከውስጥ አውራ ጣቷን አሳየቻቸው። አልፈሰሰም፤ ተዘግቶ ነው። ለሚስታቸው በስልክ ተነገራቸው፣ የመድኃኒቱ ጥቅምም አደጋውም ሳይደበቅ፤ «የሚያድናቸውን አድርጉ፣ እየመጣሁ ነው» አሉ። መድኃኒቱ በክንዳቸው ገባ።

ሚስታቸው ሲደርሱ በጥድፊያ ሁለት ዓይነት ጫማ አድርገው ነበር። ልብስ ሰፊዋ አጠገብ ተቀመጡና እጇን ያዙ። ማን እንደሆነች ስትነግራቸው «ሞተር የምታጠፊው ነሽ?» አሉ። «ነኝ» አለች። ሁለቱም ሳይፈልጉ ሳቁ፤ ከሳቁ ውስጥ ደግሞ የሴትየዋ ዕንባ ወጣ። ዶክተሯ ስለ ባላቸው ልብ ስትጠይቃቸው፣ አንዳንዴ ደረታቸው ውስጥ እንደሚርገበገብባቸው፣ እሳቸው ግን «ልቤ ጭፈራ ትወዳለች» ብለው እንደሚያልፉት ተናገሩ።

«ጭፈራው ነው ጣጣውን ያመጣው» አለች ዶክተሯ። «ልብ ሥርዓት አጥቶ ሲርገበገብ ደሙ ውስጡ ያመነታል፣ ሲያመነታ ይረጋል። ቁራጩ ወጥቶ ከደም ጋር ሽቅብ ወደ ጭንቅላት ይሄዳል። ከዳኑ በኋላ እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ይወስዳሉ።»

ከዳኑ በኋላ። ልብስ ሰፊዋ ይህችን ቃል ይዛ ተቀመጠች። ፖሊሱ ሥራ አለብኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ተሰናብቶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ።

በመጨረሻ እህቷ በሩን ከፍታ በጣቷ ጠራቻቸው። ጋሽ ፍሬን አልጋው ላይ ከፍ ብለው ተጋድመዋል። ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው በለመደችው በኩል፣ በግራቸው ቆመች። ዶክተሯ «ጣትዎን ያንቀሳቅሱ» አለቻቸው። ነጩ አንሶላ ላይ የግራ እጃቸው አውራ ጣት ተነሳ፤ ከዚያ ሌላው ጣት፤ ከዚያ መዳፉ እንደ ተኛ እንስሳ ተላወሰ። ጋሽ ፍሬን አንገታቸውን ቀስ አድርገው፣ ግንብ እንደሚገፋ ሰው፣ ወደ ግራ አዞሩና ዓይናቸው እሷ ላይ አረፈ።

«አንቺ» አሉ። «የት ሄደሽ ነበር?»

ሚስትየው ጫማቸውን ጥለው ልብስ ሰፊዋን አቀፏት። ፖሊሱ ኮሪደሩ ላይ ፊሽካውን ወደ አፉ አድርሶ፣ እህቷ ስታፈጥበት ወደ ኪሱ መለሰው።

ሁሉም ነገር እንደ ድሮው አልሆነም። ጋሽ ፍሬን ወራት ፈጅቶባቸው ነው በከዘራ የቆሙት፤ ግራ እግራቸው ዛሬም ትንሽ ይጎተታል፤ አንዳንዴ የግራ ትከሻቸው ከበር ጋር ይጋጫል። ሚስታቸው ነርሶቹ እንደመከሯቸው ሆን ብለው በግራቸው ነው የሚቀመጡት፣ ዞር እንዲሉ። በመኪና ማስተማሩ ቀርቶ የመንገድ ምልክት በክፍል ውስጥ ያስተምራሉ። የልብስ ሰፊዋ ፈተና በዚያ ግርግር አለፋት፤ በሚቀጥለው ዙር ተፈተነችና አለፈች፤ ባሏም ለሰፈሩ ሁሉ ያወራው እሱ ሆነ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ፍሬን ከሚስታቸው ጋር ወደ መጋረጃ ቤቷ መጡ። በጥቅሎቹ መሃል ቦታ ጠርጋ አስቀመጠቻቸው።

«ያን ቀን ንገሪኝ» አሉ። «ሁሉንም። ሰው በየአፉ ይነግረኛል፣ እኔ ግን ያለሁበት አይመስለኝም።»

ከአደባባዩ ጀመረችላቸው። ወንበሩን ወደ ኋላ የገፋችበት ላይ ስትደርስ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። «ግትር የሆኑብኝ መስሎኝ ተናድጄብዎ ነበር፤ ፍሬኑን አልለቅ ሲሉ።»

ጋሽ ፍሬን ወለሉን አዩ።

«ግትርነት አልነበረም» አሉ። «የማስታውሰው እሱን ብቻ ነው። ድምፅሽ ይሰማኛል፣ አንቺ ግን የለሽም። መሪውም የለም። መኪናዋ ብቻዋን ትሄድ ነበር። በዕድሜዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። የቀረችኝ አንዲት እግር ነበረች፣ በሷ ረገጥኩ።»

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች። ይህ አንድም ጊዜ አልታሰባትም። ሚስትየው የባላቸውን ግራ እጅ አንስተው በራሳቸው ጭን ላይ አደረጉት፤ እሳቸውም ዞረው አዩት።

«እና ከዚያስ?» አሉ ጋሽ ፍሬን። «ፖሊስ መጣ አሉኝ።»

«መጣ። ሁለት እጅዎን ያንሱ አለዎት።»

«አነሳሁ?»

«እርስዎ እንዳሉት ከሆነ፣ ሁለቱንም» አለች፤ ሚስትየው ከሷ ቀድመው ሳቁ።